ጥጃዋ የሞተባት ጎሽ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው አንገቴን ለመድፋት አይደለም፤ ሌላ ሰው ከኋላዬ ሆኖ ከሚያወራው ራሴ ልናገረው ብዬ ነው። ሊፍት እፈራለሁ። በፖስታ የሚመጣ መስኮት ያለው ኤንቨሎፕ እፈራለሁ። ስልክ ሲጮህ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይሆናል ብዬ ብዙ አስጩኼ ነው የማነሳው። ሀይዌይ ላይ መኪና መንዳትማ ጭራሽ አይታሰብም። ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ጎሽ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው ጎሽ መፍራት ምንም ጣጣ የለውም፤ እኔም ለብዙ ዓመት ጣጣ አልሆነብኝም ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠና ሦስት፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነበር የምሠራው። ትልቁን አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጫፍና ጫፉን ይዘው ይራራቃሉ፣ ያጠብቁታል፣ ከዚያ ጫፉን ለማገናኘት ፊት ለፊት ይመጣሉ። ከእኔ ጋር የምታጥፈው አንዲት የፓኪስታን ሴት ነበረች፤ በዕድሜም እኩያዬ ነች። ስንገናኝ አንድ ነገር ትለኛለች፣ ስንራራቅ አስብበታለሁ፣ እንደገና ስንገናኝ እመልስላታለሁ። የሁለታችን እንግሊዝኛ ተደምሮ የአንድ ሰው አይሞላም ነበር፤ ግን ስንት ነገር አወራንበት።

አንድ ቀን በጎሽ ወተት ነው ያደግሁት አለችኝ። ሁለት ጊዜ ደግማ እንድትነግረኝ አደረግኋት። ከዚያ የሳሙና ካርቶን ላይ በማርከር ሣለችው፤ ቀንዱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ የተጠቀለለ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ጥቁር። እንስሳው ጎሽ መሆኑ ገባኝ፤ መታለቡ ነው ያልገባኝ።

እኔ የተወለድኩት ዴዴሳ ሸለቆ ውስጥ ነው። እዚያ ጎሽ የሚያልብ ቀርቶ በሰላም አጠገቡ የሚያልፍ ሰው የለም። የአባቴን ታናሽ ወንድም የገደለው ጎሽ ነው። በጥይት መትቶት አመለጠኝ ብሎ ሲከታተለው፣ ጎሹ ለካ ዞሮ ከሣሩ ውስጥ ይጠብቀው ኖሯል። ቀሪውን አልናገረውም። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ እኛን ልጆቹን የሚያስጠኑን አንድ ነገር ነበር፤ ጎሽ ከመጣባችሁ ዛፍ ላይ ውጡ፣ ዛፍ ካጣችሁ በሆዳችሁ መሬት ላይ ተለጠፉ፣ ቀንዱ የተኛ ሰው አያነሳም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት ግን ከዚያ በፊት ነው የተማርኩት፣ ረስቼውም አላውቅ።

ጓደኛዬ ሳቀችብኝ። የእናንተ ጎሽ ሌላ ነው፣ የእኛ የውሃ ነው አለችኝ፤ ዘራቸውም አይገናኝም፣ አይዳቀሉም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ስናጥፍ ስለ ጎሽ ብቻ ሆነ ወሬው። ቆዳቸው ጥቁር ነው፣ ፀጉራቸው ስስ፣ ላብ የሚባል ነገር እምብዛም የላቸውም። ስለዚህ ሲሞቅ ውሃ ውስጥ ይገቡና አፍንጫቸውን ብቻ አስቀርተው ይተኛሉ። ውሃ ከሌለ ጭቃ ይለቀለቃሉ፤ የደረቀው ጭቃ ከፀሐዩም ከዝንቡም ይሸፍናቸዋል። ሰኮናቸው ሰፊ ስለሆነ ረግረግ አይውጣቸውም። ወደ ፀሐይ መውጫ ባሉት አገሮች ሩዝ የሚዘራበትን ማጥ የሚያርሱት እነሱ ናቸው፤ የእነዚያኞቹ ቀንድ ደግሞ እንደ ማጭድ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። በእሷ አገር ያሉት የወንዝ ናቸው፣ ለወተት። ልጆች ጀርባቸው ላይ ወጥተው ወንዝ ይሻገሩባቸዋል። እበታቸውን ጠፍጥፈው አድርቀው ያነዱታል ስትለኝ፣ ኩበትማ እኛም ጋ አለ ብዬ ጮኽኩ፤ አንሶላው ከሁለታችንም እጅ ወደቀ። እርግዝናቸው አሥር ወር ያልፋል አለችኝ። እኔ ዘጠኙም በዝቶብኝ ነበር አልኳት።

ታዲያ አንድ ዓርብ፣ የእኛ ዐቢይ ጾም የእነሱም ረመዳን ሆኖ ሁለታችንም አፋችን በደረቀበት ሰዓት፣ የወንድሟን ነገር አመጣችው። ወንድሟ ከሄርንደን አልፎ፣ ከተማው አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት በኩል፣ መሬት ተከራይቶ ስድስት ላም ጎሾች አስገብቷል። እርጎና አይብ እየሠራ ለአገሩ ሰዎች ይሸጣል። ከስድስቱ አንዷ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ጥጃዋ ትናንት ሞተባት። ከዚያ ወዲህ ወተቷን ይዛለች። የማለቢያው ማሽን ሲገጠምላት ትቆማለች፣ ግን ጠብታ አትሰጥም። እንዲህ ከቆየች ትነጥፋለች፤ የነጠፈች ጎሽ ዓመት ሙሉ ለመቀለብ አቅም የለውም። ሰኞ ጠዋት የሥጋ ቤት መኪና ሊወስዳት ይመጣል። በዚያ ላይ ከብቶቹን በእጅ የሚያልብ፣ ሳምንቱን እዚያው የሚያድር ሠራተኛ ይፈልጋል። ይህችን ያለበ ሰው ሥራው የእሱ ነው ብሏል።

«አንቺ ከብት አልቤያለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ፍርሃቴ አፌ ጋ ሳይደርስ አዎው ቀደመው።

ለምን እንዳልኩ አውቃለሁ። አሜሪካ ከገባሁ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አሥራ ሦስቱንም ዓመት የማውቀውን ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ሁሉንም ሌላ ሰው አሳይቶኝ ነው የሠራሁት። እንዲህ ያዢው፣ እንዲህ ግፊው፣ ቀዩን ቁልፍ እንዳትነኪ። ማለብ ግን ማንም እዚህ አገር አላሳየኝም፤ ከእኔ ጋር ነው የመጣው። ሰው ይህን ትዕቢት ይበለው። ይበለው።

የቤቱ ጦርነት ሌላ ነበር። ልጄ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ኮሌጅ ነርሲንግ ትማራለች፣ መኪና የምትነዳው እሷ ናት። በአማርኛ ብነግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፤ በጣም ስትናደድ ብቻ ትቀላቅለዋለች። ያን ዕለት ቀላቀለችው።

«ማሚ፣ ሲሪየስ ነሽ? ከላውንደሪ ወጥተሽ ካው ልታልቢ?»

«ካው አይደለም፣ ጎሽ ነው።»

«ዛት ኢዝ ዎርስ።»

እኔን ብቻዬን ትተሽ ልታድሪ ነው ወይ አለች ደግሞ። ይቺኛዋ ወጋችኝ። እሷን ብቻዋን ማሳደር ከጎሽም በላይ ነው የሚያስፈራኝ፤ ይህን ግን አልነገርኳትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፣ እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አንቺን አርግዤ ነበር አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ እሁድ ግን ልትነዳልኝ ተስማማች። ሄደሽ ስታዪው እብደቱ ይለቅሽ ይሆናል ብላ ነው።

ወሬው ቅዳሜውን እድርተኞቻችን ያሉበት ዊተን ደረሰ፤ ማን እንዳደረሰው ገና አላጣራሁም። የእድራችን ሰብሳቢ ደወሉልኝ። አንቱ የምላቸው፣ አገር ቤት ትልቅ ሰው የነበሩ፣ እዚህም ሠርግና ለቅሶ ያለ እሳቸው የማይሆን አባት ናቸው። ብዙ መከሩኝ። የምታስተምሪያት ልጅ አለች አሉ፣ የሰው አፍ አለ አሉ፣ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ሰው ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ እህቴ። አንቺ ወደ በረት ትወርጃለሽ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ላውንደሪውን አላዩትም እንጂ ቤዝመንት ነው» አልኳቸው። «ከዚያ ወደ በረት መውጣት ነው።»

ከዚያ በፊት እንደዚያ መልሼላቸው አላውቅም። ግን ቃሌን አላነሣሁትም።

እሁድ ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድን፤ ነጭ ቀሚሴን ከነነጠላው እንደለበስኩ። ጓደኛዬ ቀድማ ደርሳ በር ላይ ትጠብቀን ነበር፤ ወንድሟ ከጎኗ ቆሟል። መነጽር ያደረገ፣ ረጅም የላስቲክ ቦት የተጫማ፣ አነጋገሩ የተማረ ሰው ነው። አገሬ መሐንዲስ ነበርኩ አለን። ከተማ ነው ያደገው፤ ስለ ጎሽ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው። ስለ ማሽኑ ግፊት ያስረዳን ጀመር። ልጄ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። እኔ አልሰማም፤ ዓይኔ የበረቱን በር እየፈለገ ነው።

በሩ ለካ አልተዘጋም።

ወጣች። ካርቶኑ ላይ ተሥላ ያየኋት ጎሽ ትንሽ ነበረች፤ ይቺኛዋ እንደ ግድግዳ ናት። አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጋ፣ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አልሮጠችም፣ በእርምጃ ነው። ዛፍ ፈለግሁ፣ ዛፍ የለም። ከዚያ ራሴን ያገኘሁት ውሃ ገንዳው ሥር ጭቃው ውስጥ በሆዴ ተለጥፌ ነው፤ ከነነጭ ቀሚሴ፣ ከነነጠላዬ፣ ፊቴን በክንዴ ሸፍኜ፣ ልጅ ሳለሁ እንዳስጠኑኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠብቆ ገላዬ ትምህርቱን አስታወሰ።

«ማሚ! ማሚ፣ ተነሺ» ትላለች ልጄ። ሰውዬው አትጎዳም፣ አትጎዳም ይላል። ሳቁን ሊውጠው ሲሞክር ይሰማኛል።

ትንፋሿ ማጅራቴ ላይ አረፈ፤ ሙቅ ነው፣ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። አሁን ወጋችኝ፣ አሁን ረገጠችኝ እያልኩ ስጠብቅ ምላሷ መጣ። እንደ ሞረድ የሚፋቅ ምላስ ነው። አንገቴን ላሰችኝ። ነጠላዬን ገፋ አድርጋ ጀርባዬን ላሰችኝ። ከጉሮሮዋ ደግሞ ድምፅ አወጣች፤ ጩኸት አይደለም፣ አፏን ሳትከፍት የምታጉረመርመው፣ አጭር አጭር።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ላሞቻችን ሲወልዱ እርጥቡን እምቦሳ እየላሱ የሚያወጡት ነው፤ ለሌላ ለማንም አያወጡትም።

በመጀመሪያ ፈርቼ ነበር የተኛሁት። አሁን ግን ጆሮዬን አቁሜ እያዳመጥኩ ነው የተኛሁት። ይቺ ወተት አልከለከለችም፤ የምትሰጠውን እየፈለገች ነው። መሬት ላይ ተኝቶ የሚንቀጠቀጥ ነገር ስታይ ጥጃዬ ነው ብላ መጣች። ተነሣሁ። ጭቃው ከአገጬ እየተንጠባጠበ፣ ልጄ በኀፍረት መኪናዋን እያየች፣ ሰውዬውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ጥጃው የት ነው?»

ሰውዬው ጊዜ አጥቶ ገና አልቀበረውም ነበር፤ ብርዱም አላሸተተውም። ከበረቱ ጀርባ በሸራ ተሸፍኗል። ቢላዋ ስጠኝ፣ ጨው ስጠኝ፣ ድርቆሽ የሚታሰርበትን ገመድ ስጠኝ አልኩት። እህቱ ወዲያው ገባት። አያቴም እንዲህ ታደርግ ነበር አለችው በቋንቋቸው፤ ቃሉን ባላውቅም እጇ ሲናገር አይቻለሁ።

ሸራውን ከመግለጤ በፊት ትንሽ ቆምኩ፤ አልዋሽም። ሁዳዴ ነው፣ እሁድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መምጣቴ ነው፣ እዚያ የተኛው ደግሞ በክት ነው። በክት የነካ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እነማን እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ቢሆንም ነጠላዬን አውልቄ ለልጄ ሰጠኋት፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ንስሐ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሠራው ነገር ሊኖር ይገባል።

ጓደኛዬ እግሮቹን ያዘችልኝ፣ እኔ ገፈፍኩ። ትንሽ ጥጃ ነበር፣ ወንድ። ሥጋውን ሰውዬው በጋሪ ወሰደው፤ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚገፋው። ቆዳውን በድርቆሽ ሞላነው፣ ሆዱን በገመድ ሰፋሁት፣ በአራቱ እግር እንጨት አስገባሁበት። እንድትልሰው ጀርባውን ጨው አሸሁት። ለሰው ዓይን ጥጃ አይመስልም ነበር። ልጄ በቅርብ ቆማ ታያለች፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ግን አልሄደችም።

ጎሿን አስገብተን አሰርናት። የሠራሁትን ከፊቷ አቆምኩት። አሸተተችው። ወደ ኋላ ሸሸች። እንደገና አሸተተችው፣ ሆዱ ጋ ስፌቱ ላይ ቆየች፣ ድርቆሹ በገመዱ መሃል ሲወጣ ነካችው። ከዚያ ጀርባውን ላሰች።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ከኋላ እግሯ አጠገብ ቁጢጥ ማለት አለብኝ፤ አንድ ጊዜ ብታነሣው አለቀልኝ። ቢሆንም ቁጢጥ አልኩ። ግቷን በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ እጄን ዘይት ቀባሁት፣ ጡቷን ያዝኩ። እንደ ላም አይደለም፤ ጫፉ ይጠብቃል፣ አውራ ጣት ይፈልጋል። እርጥብ አንሶላ ስትጎትት የኖረች እጅ አለችኝ፣ አውራ ጣቴ አላነሰኝም። ነይ እናቴ፣ ነይ የኔ ጥቁር፣ ነይ ወላዷ እያልኩ አባበልኳት፤ በአማርኛ ሰምታ አታውቅ፣ ግድ የላትም። ምንም አልመጣም። ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ማሽኑ የዚህን ጊዜ ግማሽ እንኳ አይጠብቅም፤ እኔ ጠበቅሁ። ጎሽ ከላም ትዘገያለች፣ ወተቷን ስትለቅም ለምታምነው ሰው ነው ብላኝ ነበር ጓደኛዬ። ጉልበቴ ደነዘዘ። ጎሿ ቆዳውን ትልሳለች፣ እኔ አሻለሁ።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ የጉሮሮዋ። ግቷ በእጄ ውስጥ ሞላ፣ ተወጠረ። የመጀመሪያዋ ፍንጣቂ ባልዲውን ስትመታ ጓደኛዬ በአገሯ ቋንቋ አምላኳን ጠራች፣ እኔም የእኔን።

ወተቱ ቢጫነት የሚባል ነገር የለውም፤ ልክ እንደ ኖራ ነጭ ነው፣ አረፋው ማንኪያ ያቆማል። ቅባቱ የላም እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሰውዬው ባልዲውን ይዞ ቅመሱት ሊለን አፉን ከፈተና ተወው። እሱና እህቱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጾመኞች ናቸው፤ እኔ እስከ ፋሲካ። ሦስታችንም ወተቱን ከብበን እያየን ሳቅን። ከመካከላችን የማትጾመው ልጄ ብቻ ነበረች። ወንድምየው አፍልቶ በስኒ ሰጣት። ጠጣች፣ ከንፈሯን ጠረገች፣ ስኒውን ባዶ አድርጋ መለሰችው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው የተናገረችው። በአማርኛ ተናገረችው፣ ለዚህ ነው ከልቧ መሆኑን ያወቅሁት።

«ግን እኮ አታለልሻት።»

«አልተታለለችም» አልኳት። «ስፌቱን ስታሸት አይተሻታል። ውስጡ ድርቆሽ መሆኑን በጠረኑ ታውቃለች።»

«ታዲያ ለምን ወተት ሰጠች?»

አባቷ አገር ቤት ታስሮ ከዚያ አልወጣም፤ ሞቱን የሰማሁት ካርቱም ሳለን ነው። ነግሬያት ግን አላውቅም ነበር፤ አሜሪካ እስክንገባ፣ ትልቅ እስክትሆን። «ካርቱም እያለን፣ ምግብሽን ብዪ፣ አባትሽ ሲመጣ ከስተሽ እንዳያይሽ እያልኩ ነበር የማበላሽ» አልኳት። «ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«እንደማይመጣ አታውቂም ነበር?»

የሄርንደን መብራቶች አለፉን።

«አውቅ ነበር» አለች።

«በላሽ ግን።»

«በላሁ።»

ቤት ስንደርስ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችልኝ፣ የምሠራበትን ልብስ እሷው አጠፈችው፣ ወፍራም ካልሲ ጨመረችበት። በየማታው ኮል አድርጊልኝ አለችኝ፤ ስትቆጣ እኔን ትመስላለች። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ቆልፊ አልኳት። ሦስት ጊዜ አለችኝ።

ጎህ ሳይቀድ መልሳ በረቱ አደረሰችኝ። በእድሩ በክት ገፈፈች ተብዬ ስንት ተባለብኝ፤ ሰብሳቢያችንም ለሁለት ፋሲካ ሰላም አላሉኝም። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ የሰጡኝን ስግደት ሰገድኩ፣ አለቀ። ፍርሃቴም አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ሊፍት አልገባም። ግን ያን ሰኞ ጠዋት የሥጋ ቤቱ መኪና ግቢ ሲገባ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሰውዬው ከሾፌሩ ጋር ሲነጋገር፣ መኪናው ባዶውን ሲዞር ሰማሁት። እጄ ግቷ ላይ ነበር፣ ባልዲው ገና ግማሽ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየሁትም።